ካሜራማኑ መሐመድ አሚንና ከፎቶው ሥር የሚጻፈው ቃል

(ከዚህ በታች የቀረበው በካምፓችን ትምህርት ቤት ለወጣቶችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር ነው። ተናጋሪው በዚሁ ካምፕ የአንደኛ ደረጃ መምህር ናቸው።)

 የውኃውን ወረፋ ትታችሁ፣ በዚህ ፀሐይ እዚህ ድረስ ስለመጣችሁ በቅድሚያ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ካሜራማን ነው። ርእሱን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ ካምፓችን ካሜራ የያዘ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሦስት ዓይነት ሰው እናያለን። አንዱ ነጠላውን ፊቱ ላይ ይጥላል። ሌላው «ምናልባት አይተው ይረዱን ይሆናል» ብሎ ልጁን ወደ ፊት ያስቀድማል። ሦስተኛው ደግሞ «በእኛ ፎቶ ስንት ብር ይሰበስቡ ይሆን?» እያለ ያጉረመርማል። በሦስቱም ላይ መፍረድ አይቻልም፤ ሁሉም የየራሱ ምክንያት አለው። በዚህ ላይ ዱሮ ካሜራ የሚይዘው እንግዳው ብቻ ነበር። ዛሬ ግን በየቤቱ ስልክ አለ፣ በየስልኩም ካሜራ አለ። ፎቶ ተነሺዎች ብቻ ሳንሆን አንሺዎችም ሆነናል። ስለዚህ በዚህ ሥራ ዕድሜውን ሙሉ የኖረ፣ ክንዱንም የከፈለበት ሰው ታሪክ ቢነገር ለሁላችንም ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ።

ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እናገራለሁ። በአገራችን የሆነውን ስናገር «በእኛ» ብዬ የእኛን አቆጣጠር እጨምራለሁ።

ልጅነቱና የሥራው መጀመሪያ

ሰውየው መሐመድ አሚን ይባላል። ጓደኞቹ በአጭሩ «ሞ» ይሉት ነበር። የተወለደው በ1943 ናይሮቢ ውስጥ፣ ብዙዎቻችሁ በምታውቁት በኢስሊ ሰፈር ነው። ቤተሰቡ ከህንድ ክፍለ አህጉር፣ ከፑንጃብ የመጣ የሙስሊም ቤተሰብ ሲሆን አባቱ የባቡር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። በኋላ ቤተሰቡ ወደ ዳሬሰላም ተዛወረ። መሐመድ ገና ልጅ ሳለ አንዲት ያገለገለች የቦክስ ካሜራ ገዛ። ያቺ ካሜራ ናት መንገዱን የቀየረችው። በ1963፣ በሃያ ዓመት ዕድሜው ገደማ፣ ካሜራፒክስ የተባለውን ድርጅት በዳሬሰላም አቋቋመ።

ሥራውን በጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በጥር 1964፣ ከዳሬሰላም ባሕር ማዶ ባለችው በዛንዚባር ደሴት አብዮት ፈነዳ፤ ሱልጣኑም ከሥልጣን ወረዱ። መሐመድ ወደዚያ ተሻግሮ ያየውን ቀረጸ። የዓለም ዜና ድርጅቶችም ስሙን ያወቁት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ግን የዛንዚባር ባለሥልጣናት በቀረጸው ነገር ተቆጥተው አሰሩት። ለአራት ሳምንት ያህል በእስር ቤት ቆይቶ ተለቀቀ፤ ከታንዛኒያም እንዲወጣ ተደረገ። ወደ ተወለደባት ወደ ናይሮቢ ተመልሶ ሥራውን እንደገና ከታች ጀመረ።

ልጆች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚያ ዘመን ሥዕል እንደ ዛሬው በአንድ ጣት ተነክቶ አይላክም ነበር። የተነሣው ፊልም ተጠቅልሎ አየር ማረፊያ ይወሰዳል፤ በአውሮፕላን ለንደን ይደርሳል፤ እዚያ ታጥቦ ነው የሚታየው። አውሮፕላኑ ካመለጠ ዜናው አረጀ ማለት ነው። ስለዚህ ካሜራማኑ ጎበዝ አንሺ መሆኑ ብቻ አይበቃውም። የኬላውን ፖሊስ፣ የጉምሩኩን ሠራተኛ፣ የአየር መንገዱን ሹም ማወቅ አለበት። መሐመድ አሚንም ከሌሎች የሚለይበት አንዱ ነገር ይህ ነበር። በየአገሩ ሰው ያውቃል፤ በር ይከፈትለታል።

ሐምሌ 5 ቀን 1969 የኬንያው ሚኒስትር ቶም ምቦያ በናይሮቢ ከተማ መሐል ከአንድ መድኃኒት ቤት ሲወጡ በጥይት ተመቱ። መሐመድ ፈጥኖ ደርሶ በአምቡላንሱ ውስጥ ሆኖ የመጨረሻ ደቂቃዎቻቸውን ቀረጸ። በዚህ ሥራው በብሪታንያ የዓመቱ ምርጥ የቴሌቪዥን ካሜራማን ተብሎ ተሸለመ። የኡጋንዳው ኢዲ አሚን በ1979 ከሥልጣን ተባርረው ሳውዲ አረቢያ ከገቡም በኋላ፣ በ1980 ከቢቢሲው ጋዜጠኛ ከብራያን ባሮን ጋር አፈላልጎ አግኝቷቸው ቃለ ምልልሳቸውን ቀርጿል።

መሐመድ ጦርነትና ሞት ብቻ አላነሣም። ስለ መካ ሐጅ ጉዞና ስለ ኬንያ የፎቶግራፍ መጻሕፍት አሳትሟል። በ1981 ደግሞ ስለ ቱርካና ሐይቅና በዙሪያው ስለሚኖረው ሕዝብ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አውጥቷል። ይህን የምናገረው ካሜራ ሰውን በመከራው ጊዜ ብቻ የሚያይ ዕቃ እንዳይመስላችሁ ነው።

ኮረም

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። ታላላቆቻችን የሚያስታውሱት፣ እኛ ታናናሾቹ ግን በወሬ ብቻ የምናውቀው ነገር ነው።

በመጀመሪያ ግን አሥር ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ። በ1973፣ በእኛ በ1966 መጀመሪያ፣ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በብሪታንያ ቴሌቪዥን አሳየ። በዓመቱ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እየተፈራረቀ ተቀጣጥሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የተራበው ሰው ሥዕል ያው ነው፣ አልተለወጠም። ከጎኑ የተቀመጠው ሥዕል ግን ትርጉሙን ለወጠው። ደርግ የሥዕልን ኃይል ከማንም ይልቅ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህም ይመስለኛል፣ በእኛ በመስከረም 1977 የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድምቀት ሲከበርና ኢሠፓ ሲመሠረት የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ተከልክለው የቆዩት። ሕዝቡ በዚያው ጊዜ መንገድ ላይ ይወድቅ ነበር። በዓሉ ካለፈ በኋላ መሐመድ አሚን ያችን የሰው ማወቅ ችሎታውን ተጠቅሞ ፈቃድ አገኘ። በጥቅምት ወር ከቢቢሲው ጋዜጠኛ ከማይክል በርክ ጋር ሆኖ መቀሌና ኮረም ደረሰ። እሱ የሚሠራው ቪዝኒውስ ለተባለው የዜና ፊልም ድርጅት ነበር።

ኮረም ላይ የቀረጸው በማለዳ ነው። ሌሊቱን በደጋው ብርድ ሜዳ ላይ ያደረው ሕዝብ ሲነሣ፣ ያልተነሣው ደግሞ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሲደረደር። ካሜራው አይሮጥም። አንድ ፊት ላይ ይቆያል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይሄዳል። በመቀሌ ደግሞ ክሌር በርቺንገር የተባለች የቀይ መስቀል ነርስ ነበረች። ምግቡ ለሁሉም ስለማይበቃ፣ ከተሰለፉት ብዙ ሕፃናት መካከል የሚመገቡትን ጥቂቶች እየመረጠች ማስገባት ግዴታዋ ነበር። ስለ ራሽን ወረፋ የምታውቁ እናቶች፣ የዚያች ሴት ሌሊት እንዴት እንደሚያልፍ መገመት አያቅታችሁም።

ፊልሙ ጥቅምት 13 ቀን 1977፣ በፈረንጆች ጥቅምት 23 ቀን 1984፣ በቢቢሲ ታየ። ከዚያ በዓለም ዙሪያ 425 የቴሌቪዥን ጣቢያዎች እንዳሳዩትና ወደ 470 ሚሊዮን ሕዝብ እንዳየው ተነግሯል። የአየርላንዱ ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ይህን ፊልም ቤቱ ተቀምጦ አይቶ ነው ዘፋኞችን ያስተባበረው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የእንግሊዞቹ ዘፈን ወጣ፤ በ1985 የአሜሪካኖቹ ተከተለ፤ ሐምሌ 13 ቀን 1985 በለንደንና በፊላደልፊያ ላይቭ ኤይድ የተባለው ታላቅ ኮንሰርት ተደረገ። እህል በመርከብና በአውሮፕላን መጣ። በዚያ እህል ምክንያት የተረፈ ሰው ዛሬ ልጅና የልጅ ልጅ አድርሷል። ይህን ማንም ሊክደው አይገባም።

ሥዕሉ ያልተናገረው

ሆኖም ሁለት ነገር ጎድሏል። የዛሬው ንግግሬም ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው ምክንያቱ ነው። ፊልሙን ያየ የሩቅ ሰው ዝናብ ስለጠፋ ብቻ ሕዝብ የሚያልቅ መሰለው። ድርቅ ነበረ፤ እውነት ነው። ነገር ግን በኤርትራ፣ በትግራይና በሰሜን ወሎ ጦርነትም ነበረ። መንገድ ይዘጋ ነበር፤ ገበያ ይበተን ነበር፤ ወዲያኛው ወገን ባለበት አካባቢ ላለው ሕዝብ እህል እንዳይደርስ ይደረግ ነበር። ካሜራ የደረቀ መሬት ያሳያል፤ የተዘጋ መንገድ ግን ለማሳየት ይቸግረዋል። ከዚያም በኋላ ወደ ስድስት መቶ ሺሕ የሚሆን ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ በሠፈራ ተወሰደ፤ ሳይወድ በግድ የሄደው ብዙ ነበር፤ በመንገድና በሠፈራው ቦታ የሞተውም ብዙ ነው። በሌላ በኩል በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ሌሊት ሌሊት እየተጓዘ ወደ ሱዳን ተሰደደ። ሰው ለምን እንደተራበ ያልተነገረው ተመልካች ለምን እንደተሰደደም አይገባውም። እኛን «ለምን መጣችሁ?» ብሎ የሚጠይቀን ሰው ብዙ ጊዜ ሥዕላችንን ያየ፣ ምክንያታችንን ግን ያልሰማ ሰው ነው።

ሁለተኛው የጎደለው ስም ነው። በኮረም ፊልም ውስጥ የዓለም ሕዝብ ያለቀሰላቸው እናቶች፣ አባቶችና ሕፃናት ስማቸው ማን ነበር? የማን ልጅ፣ የየትኛው ቀበሌ ሰው? ካሜራማኑ ስሙ ተጻፈ፤ ጋዜጠኛው ስሙ ተጻፈ፤ ዘፋኞቹ ስማቸው ተጻፈ። የተነሣው ሰው ግን «የረሃብ ተጎጂ» ተብሎ ቀረ። ይህን ስል መሐመድ አሚንን ለመውቀስ አይደለም። በየደቂቃው ሰው በሚሞትበት ቦታ ጥቂት ቀን ብቻ የተፈቀደለት ሰው ሁሉን ሊመዘግብ አይችልም። ግን የጎደለው መጉደሉን ማወቅ አለብን።

ስም ሲጠየቅ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በዚያው ጊዜ ብራያን ስቱዋርት የተባለ የካናዳ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ በመቀሌ ልትሞት የደረሰች አንዲት ትንሽ ልጅ አስቀረጸ። ፊቷ በላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ ለዓለም ታየ። ጋዜጠኛው ግን በዚያ አልተወውም። ተመልሶ አፈላለጋት፤ በሕይወት አገኛት፤ ትምህርቷንም ረዳ። ስሟ ብርሃን ወልዱ ይባላል። በ2005 ለንደን በተደረገው ላይቭ ኤይት ኮንሰርት ላይ አድጋ፣ ተምራ፣ በእግሯ ቆማ ለሕዝብ ታየች። አንዲት ልጅ ከሥዕልነት ወጥታ ሰው ሆነች ማለት ነው። መነሻው ደግሞ «ስሟ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ክንዱን ያጣበት ቀን

መሐመድ አሚን ኢትዮጵያን በዚያ አልተሰናበታትም። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ኢሕአዴግ ከተማውን ከያዘ በሳምንቱ፣ ግንቦት 27 ቀን 1983 በእኛ፣ አንድ የጥይት መጋዘን ፈነዳ። ፍንዳታው የቤት መስኮት ያረገፈበትን ሌሊት የአዲስ አበባ ሰው አይረሳውም። መሐመድና ባልደረቦቹ እሳቱን ለመቅረጽ በቀረቡበት ጊዜ ሌላ ፍንዳታ ተከተለ። ድምፅ ቀጂው ኬንያዊው ጆን ማታይ እዚያው ሞተ። መሐመድ የግራ ክንዱን አጣ።

ድምፅ ቀጂውን ጆን ማታይን አደራ አስታውሱት። ከካሜራው ጀርባ ከሚቆመው ሰው ጀርባ ሁልጊዜ ሌላ ስሙ የማይነሣ ሰው አለ። ሾፌር፣ አስተርጓሚ፣ መንገድ መሪ። ከመካከላችን ይህን ሥራ የሠሩ አሉ፤ ጋዜጠኛው አውሮፕላን ሲሳፈር እነሱ እዚያው ይቀራሉ።

መሐመድ ሰው ሠራሽ ክንድ ተገጠመለትና በጥቂት ወራት ውስጥ ካሜራውን እንደገና አነሣ።

የመጨረሻው በረራ

ኅዳር 14 ቀን 1989 በእኛ፣ በፈረንጆች ኅዳር 23 ቀን 1996፣ መሐመድ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ለመሄድ በኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 961 ተሳፈረ። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ጓደኛው ብራያን ቴትሊም አብሮት ነበር። አውሮፕላኑ እንደተነሣ ሦስት ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ጠለፉት። ጥገኝነት እንፈልጋለን፣ ወደ አውስትራሊያ ውሰደን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ አይበቃም፣ እስከ ናይሮቢ የሚያደርስ ያህል ብቻ ነው የያዝነው ብለው ለመኗቸው። ጠላፊዎቹ ግን በመቀመጫው ኪስ የሚገኘውን የአየር መንገዱን መጽሔት አሳዩዋቸው። መጽሔቱ ይህ ዓይነት አውሮፕላን 11 ሰዓት መብረር እንደሚችል ይናገራል። የተጻፈው ሐሰት አልነበረም፤ ግን ታንኩ ሙሉ ሲሆን ነው። የጎደለችው ቃል ያቺ ብቻ ነበረች። የሚያሳዝነው ደግሞ «ሰላምታ» የተባለውን ያን የአየር መንገዱን መጽሔት የሚያሳትመው የመሐመድ አሚን የራሱ ድርጅት፣ ካሜራፒክስ ነበር።

ነዳጁ አለቀ። ካፒቴኑ አውሮፕላኑን በኮሞሮስ ደሴት ዳርቻ ባሕር ላይ አሳረፉት፤ ተሰበረ። ከተሳፈሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ 50 ተረፉ። ከሞቱት መካከል ጠላፊዎቹ፣ ብራያን ቴትሊና መሐመድ አሚን ይገኙባቸዋል። ከአደጋው የተረፉ ሰዎች እንደተናገሩት መሐመድ እስከ መጨረሻው ቆሞ ጠላፊውን ለማግባባት ይሞክር ነበር። ዕድሜው 53 ነበር።

ስለ እነዚያ ሦስት ወጣቶች ብዙ አልናገርም። ጥገኝነት መፈለግ ምን እንደሆነ እዚህ ያለነው እናውቃለን። ነገር ግን የራስን ነፍስ ለማዳን የሌላውን ነፍስ ማስያዝ የስደተኛ መንገድ አይደለም። መቶ ሃያ አምስት ቤት ውስጥ ለቅሶ ተቀምጠዋል።

ለእኛ የሚቀረው

ወገኖቼ፣ ከዚህ ሰው ሕይወት ለካምፓችን የሚጠቅም ምን እናገኛለን? አራት ነገር ልናገርና ልጨርስ።

አንደኛ፣ እንግዳ ካሜራ ይዞ ሲመጣ መፍራትም መሸማቀቅም አያስፈልግም። ጠይቁ። ለየትኛው መሥሪያ ቤት ነው? የት ይታያል? ስሜ ይጻፋል ወይስ አይጻፍም? «አይ፣ አልፈልግም» ማለት መብታችሁ ነው፤ እምቢ ያለ ሰው ከራሽን አይሰረዝም። ቋንቋው ከቸገራችሁ አንድ ተማሪ ጥሩ፤ ልጆቹ ያስተረጉሙላችኋል።

ሁለተኛ፣ እሺ ካላችሁ ደግሞ ፊታችሁን ብቻ አትስጡ። ቃላችሁንም ስጡ። ለምን እንደወጣችሁ፣ ምን ትሠሩ እንደነበር ተናገሩ። «ስደተኛ እናት» ከሚባል ይልቅ «በአገሯ ነርስ የነበረች የሦስት ልጆች እናት» ቢባል ተመልካቹ ሰው ያያል።

ሦስተኛው ለእናንተ ለስልክ ባለቤቶች ነው፣ ወጣቶች። መሐመድ አሚን ፈቃድ ለማግኘት ስንት ደጅ ጠንቷል። እናንተም ሰውን ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ። ፎቶው በፌስቡክ ወጥቶ አገር ቤት ያሉ ወላጆቹ «ልጃችሁ የት ነው?» ተብለው የተጠየቁበት ሰው እዚሁ ካምፕ ውስጥ አለ። ስሙን አልጠራም። አንሺው ክፉ አላሰበም፤ የኳስ ጨዋታ ነበር ያነሣው። ተመልካች ዳር የቆመውን ግን አልጠየቀም።

አራተኛ፣ ከፎቶው ሥር ቃል ጻፉ፤ የተጻፈውንም መርምሩ። መቼ፣ የት፣ ማን፣ ለምን። በ2020 በአገራችን ሰሜን ጦርነት ሲጀመር ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በጎደለው ሥዕል ምትክ የሌላ አገርና የሌላ ዓመት ፎቶ «የትናንት ነው» እየተባለ ተሠራጨ። በዚህ ካምፕ ውስጥም በእንደዚያ ዓይነት ፎቶ ጎረቤትና ጎረቤት ተኮራርፎ ነበር። ቀንና ቦታ የሌለው ፎቶ ሲደርሳችሁ ለሌላ አታስተላልፉ። «ታንኩ ሙሉ ሲሆን» የምትል አንዲት ቃል ብትጎድል ምን እንደምታደርስ ሰምታችኋል።

አባቶችና እናቶች፣ ወደ እናንተ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ከመካከላችሁ በ1977 ኮረም፣ መቀሌ፣ አላማጣ ወይም ሱዳን መንገድ ላይ የነበራችሁ ትኖራላችሁ። ዓለም ያየው የካሜራውን ወገን ነው። በእናንተ ወገን ምን እንደነበረ፣ አጠገባችሁ ተኝቶ የነበረው ሰው ስሙ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ከእናንተ በቀር የለም። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው በየብሎኩ ይዞራሉ። ቡና ባይኖር ውኃ አጠጥታችሁ፣ የምታስታውሱትን ስም ንገሯቸው። እነሱ ይጽፋሉ።

 ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።